ሬሳው ይተነፍሳል

ወልደአረጋይ ፊልም የሚመዝነው በሬሳው ነው። ሌላው ሐያሲ ነኝ ባይ ስለ መብራቱ፣ ስለ ካሜራው፣ ስለ ተዋናይዋ ዓይን ያወራል። እሱ ግን ሰው ሞተ የተባለበት ቦታ ሲደርስ ፊልሙን ቀጥ ያደርግና ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ የሟቹን ደረት ያያል። ደረቱ ከፍ ዝቅ ካለ አለቀ። «ሬሳው ይተነፍሳል» ይላል። ያ ፊልም ከዚያ ወዲያ ደብረ ብርሃን ላይ ስም የለውም። ከሞቱ አሟሟቱ ያሉት አባቶች ፊልም ሳያዩ ነው፤ ቢያዩማ ምን ይሉ ነበር!

ሱቁ ከመናኸሪያው ጀርባ ናት፤ በአንድ ጎኗ ጎማ ይለጠፋል፣ በሌላው ብርድ ልብስ ይሸጣል። ስልክ ይጠግናል፣ በፍላሽና በስልክ ፊልም ይጭናል። የሚጭነውን ፊልም ግን ሳይሰድብ አይጭንም። ሰርካለም የምትባል የከተማው ሬዲዮ ጋዜጠኛ አንድ ቀን ፊልም ልታስጭን መጥታ አፉን ሰማች። «ጋሼ፣ ይኼን ስድብ ማይክ ፊት ትደግመዋለህ?» አለችው። ደገመው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ከተማው ቁጭ ብሎ ይሰማዋል።

«ሙሽራው ሊፍት ውስጥ» የተባለውን ኮሜዲ፣ «አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ ይላሉ። ሰው ሲኮረኩሩትም ይስቃል፤ ኮርኳሪ ግን አርቲስት አይባልም» አለው። «እትዬ ኮንዶሚኒየም» ሲወጣ ደግሞ፣ «ደሃ የተባለችው ልጅ የተኛችበት ሳሎን የኔን ሱቅ ከነጎማ ለጣፊው ይውጣል። እንዲህ ያለ ድህነት ካለ እኔንም መዝግቡኝ» አለ። በታሪክ ፊልም ላይ ባላባቱ ፈረሱን የያዘው እንደ ባጃጅ መሪ ነው ብሎ አሳቀ። የገጠር ፊልም ሲመጣበትማ ይብስበታል። «የገበሬው ጋቢ ከሱቅ የወጣበት እጥፋት ገና አልተፈታም። ደግሞ ገበሬ ሁሉ ለምን ይጮኻል? እኛ አገር ገደል አለ እንጂ ደንቆሮ የለም።» ከውጭ ፊልም ያመሰገነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ተርጓሚውን። «ሰውየው ተወግቶ ሲሞት በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ ይናገራል። ተርጓሚው ‘ደህና ሁኚ’ ብሎ ይዘጋዋል። እውነቱ የተርጓሚው ነው፤ የሚሞት ሰው ብዙ አያወራም።»

ስለ ሙት መንፈስ ፊልም ሲጠየቅ ግን አላሳቀም። «አያስፈሩኝም» አለ። «የፈረንጅ ሙት በር እያንኳኳ ነው የሚመጣው። የኛ ሙት መቼ ያንኳኳል? ድሮም ቤት ውስጥ ነው።» ሰርካለም ሳቀችና ዘፈን ጋበዘች፤ እሱ አልሳቀም።

ከደንበኞቹ አንዷ ወርቄ ነች። ከወለጋ ተፈናቅለው ከመጡት፣ በከተማው ዳር በመጠለያው ከሚኖሩት ናት። ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልኳን ዘርግታ፣ «ወንድሜ፣ ለልጆቹ ሰው የማይሞትበት አለህ?» አለችው። ቀላል ጥያቄ መስሎት መፈለግ ጀመረ። በኮሜዲው መካከል አባትየው ይሞታል። በፍቅሩ ፊልም ልጅቷ ትሞታለች። የካርቱኑ ድብ እናት እንኳ ገና የፊልሙ ስም ሳይወጣ ነው የምትሞተው። ወርቄ ቆማ ቆማ ሲደክማት፣ «እንግዲያስ ባዶውን መልስልኝ» ብላ ስቃ ሄደች። ያን ቀን ፊልም ሁሉ አስጠላው።

ሰርካለም በአንድ ዓርብ ቀን በጥድፊያ መጣች። «ጋሼ፣ እሑድ ከሰዓት በወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ፊልም አለ። ዳይሬክተሩ ራሱ ይመጣል። አስተያየት የምትሰጠው አንተ ነህ።»

«የማን ፊልም?»

«የቴዎፍሎስ ነዋ! ‘የጭጋግ ቀብር’። ድሮ የጠፋ ፊልም ነው፤ አሁን ኮፒው ተገኝቶ ነው። ጋሼ፣ አንኮበር ላይ የተቀረጸ እኮ ነው፤ አፋፉ ላይ የሆነ ቀብር አለው አሉ፣ የሆነች ባላገር አልቃሽ...»

ወልደአረጋይ የያዘውን ፍላሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ለቀባሪው አረዱት ይባላል። ሰርካለም ሳታውቅ ያረዳችው ለቀባሪው አልነበረም፤ ለሬሳው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወልደአረጋይ የአንኮበር ጎረቤላ ልጅ ነው። ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ያላለፈውም ደንቆሮ ሆኖ አይደለም። አንድ አስተማሪ እንግሊዝኛ ሲያነብ ሰምቶት «ከአንተ ፍየል ብታነብ ይሻላል» ብሎ ክፍሉን ሙሉ አሳቀበትና በዚያው ቀረ። የአስተማሪውን ስም እስከ ዛሬ ከነአያቱ ያውቀዋል፤ አስተማሪው የሱን ስም ያንኑ ሳምንት ሳይረሳ አልቀረም። የበደለና የተበደለ የሚለዩት በዚህ ነው።

እናቱ ደመቀች አልቃሽ ነበረች። በዚያ አገር ሰው ሲሞት መጀመሪያ ቄስ ይጠራል፣ ቀጥሎ ደመቀች። ለቅሶ ቤት እንደደረሰች ቶሎ አታለቅስም። ከቤተ ዘመዱ መሀል ቁጭ ትልና ስሙን፣ የእናቱን ስም፣ ደጉንም ክፉውንም ትጠይቃለች። «ሙሾ ያለ ስም አይወርድም» ትል ነበር። «ስም የሌለው ሙሾ መንገድ ላይ ያገኘውን ይይዛል።» ሌላም ሕግ ነበራት፦ አንዴ ያወረደችውን ሙሾ ከለቅሶ ቤት ውጪ አትደግምም። ሴቶቹ ወፍጮ ቤት «እስቲ ያችን ድገሚልን» ሲሏት «የደገሙት ይደግማል» ብላ ትገሥጻቸው ነበር።

ከአሥራ ምናምን ዓመት በፊት ቴዎፍሎስ ከአዲስ አበባ በመኪና ጭፍራውን አስከትሎ ጎረቤላ መጣ። አንገቱ ላይ ሻርፕ፣ አፉ ላይ ማር። ወልደአረጋይ ያኔ ጎረምሳ ነው፤ የፊልም እብድ ነው። ቦታ አሳየው፣ ዕቃ ተሸከመለት፣ ለማደሪያ ቤት ለመነለት። ቴዎፍሎስም ቃል ገባለት። በፊልሙ ውስጥ አንዲት ሴት በጭጋግ መሀል «ኧረ ማን አለ!» ብላ ትጮኻለች፤ አንድ ጎረቤት ከማዶ «አለሁ!» ይላል። «አንድ ቃል ናት፣ ግን የፊልሙ አንገት ናት። አንተ ነህ የምትላት» አለው። ወልደአረጋይ ያችን አንድ ቃል ለገደሉ ሲጮህላት ከረመ። ገደሉ «አለሁ... አለሁ» እያለ ሲመልስለት እውነትም ያለ መሰለው።

በቀኑ ግን ያችን ቃል ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ተዋናይ ወሰዳት። ወልደአረጋይ ቢጠይቅ፣ ቴዎፍሎስ አገጩን ይዞ ወደ ብርሃን አዞረውና «የአንተ ፊት ለሬሳ ይሆናል» አለው። ባዶ ቃሬዛ ተሸካሚዎቹ ላይ ያስታውቃል፤ ክብደት ያስፈልጋል። እሺ አለ፤ ባይሆን ፊቴ ይታያል ብሎ። እነሱ ግን ከራሱ እስከ እግሩ በሰሌን ጠቀለሉት። ፊትህ ለሬሳ ይሆናል ተብሎ ፊቱ የተሸፈነ ሰው ከሱ ሌላ ይኖር እንደሁ እንጃ።

አልቃሽም ያስፈልግ ነበርና ደመቀችን ጠሯት። «የሟቹ ስም ካሣ ነው፤ ካሣ ብለው ያልቅሱ» አሏት። «ካሣ የሚባል አላውቅም። የማላውቀውን ሰው አላለቅስም» አለች። «እማማ፣ ፊልም እኮ ነው!» አሏት። በሰሌኑ ውስጥ ማን እንዳለ አልነገሯትም፤ እሱም አልነገራትም። ወደ ቃሬዛው ስትቀርብ ግን የግራ እግሩ አውራ ጣት ከሰሌኑ ወጥታ ኖሯል። ያቺ ጣት በልጅነቱ በመጥረቢያ ተመትታ ጎብጣ የቀረች ናት።

«ማን አለ እዚህ ውስጥ?» አለች ደመቀች።

አንዱ ከኋላ ሳቀ። ወልደአረጋይ በሰሌኑ ውስጥ ድምጿን ሰማ፤ አልመለሰም። ሬሳ አይመልስም ተብሏል፣ ትንፋሽህን ዋጥ ተብሏል። «ልጄን አውርዱልኝ» ስትል ሰማት። ቴዎፍሎስ «እማማ፣ ብርሃኑ ሄደብን! የሚያለቅሱትን ያልቅሱና ይውረድ» ሲላትም ሰማ። ከዚያ ነፋሱ አፋፉን ይዞ ወጣ፣ ጀነሬተሩ አጓራ፣ በአውቶቡስ ተጭነው የመጡት አጃቢዎች የቴዎፍሎስ እጅ በተነሳ ቁጥር ኡኡ አሉ። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል የእናቱ ሙሾ ወጣ። ከሙሾው ወደ ጆሮው የደረሰው አንድ ቃል ብቻ ነው። ስሙ። ወልደአረጋይ።

ማታ ቤት ሲገቡ፣ «እማ፣ በቁሜ አለቀስሽኝ» አላት።

«አላለቀስኩህም።»

«በጆሮዬ ሰማሁ! ስሜን ጠራሽው!»

«ስምህን ጠራሁ። አንተን አላለቀስኩም።»

«እንግዲያስ ምን አልሽ? እስቲ ድገሚው!»

«አይደገምም፤ ታውቃለህ። ፊልማቸው ሲወጣ እይ» አለችና እሳቱን ዳፈነችው።

በማግስቱ ወደ ደብረ ብርሃን ወረደ፤ አልተመለሰም። ደመቀች ዓመቱ ሳይዞር ሞተች። ቀብሯ ላይ ደረሰ፤ ግን አጥሩን ተደግፎ ቆመ እንጂ አልቀረበም፣ አላለቀሰም። አልቃሿ ስትሞት አልቃሽ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሰው ስለዚያ ቀን ሊያወራው አፉን ሲከፍት «አውቀዋለሁ» እያለ ያቋርጠዋል። ፊልሙም አዲስ አበባ ላይ ጥቂት ታይቶ ጠፋ። ወልደአረጋይን መጥፋቱ ደስ አሰኘው፤ እንቅልፍ ግን አልሰጠውም።

በቁሙ የተለቀሰለት ሰው ጥላው ይሳሳል ይላሉ የአፋፉ ሰዎች። እሱ አላምንም ይላል። ይሁንና ንጋት ላይ ሲነቃ መጀመሪያ የሚያደርገው እጁን ደረቱ ላይ አሳርፎ መጠበቅ ነው። ክረምት ሆኖ ጭጋግ በአስፋልቱ ሲወርድ ስሙን የሚጠራ ድምፅ ይሰማዋል። ሁልጊዜ ስሙን ብቻ፤ ሁልጊዜ ግማሽ፣ የፊቱ የተበላ፣ የኋላው የተቆረጠ። አቤት አይልም። ፊልም ሲያይ የሟቹን ደረት የሚያየውም ጥበብ ሆኖለት አይደለም። አንድ ነገር ነው የሚፈልገው፦ ያ ቀን እናቱ በቁሙ ቀብራዋለች ወይስ አልቀበረችውም? ካልቀበረችው የነገረችውን ቃል ሳያምናት ሞታለች። ቀብራው ከሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ ዓመት የኖረው ማነው?

«እመጣለሁ» አላት ሰርካለምን። ለምን እንዳለ ራሱም አላወቀም።

እሑድ ደብረ ብርሃን እንደ ልማዷ ገና በቀኑ በርዳለች። አዳራሹ በር ላይ ቴዎፍሎስ ቆሟል፤ ፀጉሩ ነጭቷል፣ ሻርፑ ግን ያው ነው። ሰርካለም አገናኘቻቸው።

«የት ነው የማውቅህ?» አለ ቴዎፍሎስ እጁን ይዞ። «ፊትህ አዲስ አልሆነብኝም።»

«አዲስ ነው» አለ ወልደአረጋይ። «ያኔ ሸፍነኸው ነበር።»

ቴዎፍሎስ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ሌላ ሰው አቀፈው።

አዳራሹ ሞልቷል። ወርቄም ልጆቿን ይዛ ከኋላ ተቀምጣለች፤ መግቢያው በነጻ ነው፣ ሰው የበዛበት ቦታ ደግሞ ይሞቃል። ወልደአረጋይ ጋቢውን ተከናንቦ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ ለመውጣት እንዲመቸው።

ፊልሙ ጀመረ። በልቡ ሊያርደው ቢላውን ስሎ ነበር የመጣው። ያመረ ፀጉር ያላት የገበሬ ሚስት አገኘና ያዛት፤ እጥፋቱ ያልተፈታ ጋቢ አገኘና ያዘው። ሴትየዋ «ኧረ ማን አለ!» ስትል ያ የአዲስ አበባ ተዋናይ «አለሁ!» አለ፤ እንደ ወያላ ነው ያላት፣ ወደ መኪና የሚጠራ ነው የሚመስለው። ወልደአረጋይ በጨለማው ፈገግ አለ። ጭጋጉን ግን መንቀፍ አልቻለም። ጭጋጉ የጎረቤላ ነው፣ የእውነት ነው፤ ከስክሪኑ ወጥቶ እግሩ ሥር የሚነጠፍ መሰለው።

ከዚያ ቃሬዛው መጣ። በአራት ሰው ትከሻ፣ በአፋፉ ላይ፣ በሰሌን የተጠቀለለ ረጅም ነገር። ያ እኔ ነኝ ብሎ ማሰብ አቃተው። እናቱ ከሰው መሀል ወጣች፤ ነጠላዋን ለሐዘን አጣፍታ፣ እሱ ከሚያስታውሳት ይልቅ ልጅ ሆና። አሁን እሱ ካለበት ዕድሜ ብዙም አትርቅም ነበር። አፏን ከፈተች።

«የወልደአረጋይ—»

መብራት ሄደ።

«ኤጭ!» አለ አዳራሹ ባንድ አፍ። ልጆች አፏጩ፣ የስልክ መብራቶች በሩ። ወልደአረጋይ ቆሞ ነበር፤ መቼ እንደተነሳ አላወቀም። የ። በጆሮው ሲጮህ የኖረው ስም ከፊቱ አንዲት ፊደል ኖራዋለች፤ ነፋሱ በልቷት ነው። የወልደአረጋይ። የወልደአረጋይ ምን? የወልደአረጋይ ሬሳ? የወልደአረጋይ ቀን? በሩን ገፍቶ ወጣ።

ግቢው ውስጥ ቀኑ ግራጫ ነው። ከጣርማ በር በኩል የመጣው ጭጋግ የአጥሩን ቆርቆሮ ይልሳል። እዚህ ላይ ብተወውስ ብሎ አሰበ። ቤቴ ልሂድ፣ ቅዳሜ ሬዲዮ ላይ «መብራት ሄዶ አዳነን» ልበል፣ ሰው ይሳቅ። ያችን የጎደለች ቃል የፈለግኩትን አደርጋታለሁ። ሳያውቁ መኖርም ኑሮ ነው፤ ኖሬበታለሁ።

ወርቄ ትንሹን ልጇን ሽንት ልታስወጣ መጥታ አየችው።

«ወንድሜ፣ አለቀ እንዴ?»

«መብራት ነው።»

«ያች ሴትዮ አፏን ስትከፍት የኛዎቹ ትዝ አሉኝ» አለች ወርቄ። «እኛ የወደቁብንን እንዲህ ስም ጠርተን አላለቀስንም። ጊዜስ የት ነበረ? ሩጫ ነበረ።» ከአዳራሹ ጀርባ ጀነሬተር ተነሳ። «መጣ፣ ና ግባ።»

«እኔ እንኳ ልሄድ ነው።»

«ምን ማለትህ ነው? ቀብር ተጀምሮ ተትቶ አይኬድም!» አለችው፤ እንደ ታላቅ እህት ተቆጥታ። በቀብር ነገር ከሷ ጋር የሚከራከር አንጀት አልነበረውም። ተከትሏት ገባ።

«ከየት ልጀምር?» አለ ማሽኑን የሚያሠራው።

«ከለቅሶው!» አለ ሰው። «ትንሽ መለስ አድርገው!»

መለስ አደረገው። መለስ ሲል ቅድም ያላያት ቦታ ላይ አረፈ፤ ቅድም ጋቢውን ጆሮው ላይ ስቦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አሳልፏት ኖሯል። ደመቀች ወደ ቃሬዛው ጎንበስ አለች። እጇ ከሰሌኑ የወጣችውን የጎበጠች ጣት ነካች። ቴዎፍሎስ ድምጿ አምሮት ሳይቆርጠው ቀርቷል፦

«ማን አለ እዚህ ውስጥ?»

«አለሁ» አለ ወልደአረጋይ።

ከፊቱ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ዘወር ብለው አዩት። ያችን ቃል ለገደል ብቻ ነበር ብሏት የሚያውቀው።

እናቱ ቀና አለች። ፊቷ ላይ የመጣውን ነገር ሌላ ሐያሲ ቢሆን ትወና ይለዋል። ነፋሱ ይሰማል፣ ጀነሬተሩ ይሰማል፤ ማይኩ ግን ከሷ አፍ አጠገብ ነበርና ያን ቀን በሰሌን ውስጥ ያልሰማው ሁሉ ተሰማ፦

«የወልደአረጋይ እናት፣ ወዴት ነው መንገድሽ፣
የተኛው ሳይነሣ ማን ቀድሞ ወሰደሽ።»

እሷ ደረቷን መትታ ቀጠለች፦

«ሞት ተሳስቶ መጣ ከልጄ ቤት ደጃፍ፣
የኔ ቤት ወዲህ ነው፣ በታችኛው ጫፍ።»

ወልደአረጋይ ቀስ ብሎ ነው የገባው። መንገድህ አላለችም፤ መንገድሽ አለች። ወሰደህ አላለችም፤ ወሰደሽ አለች። ሙሾ ያለ ስም አይወርድም፣ ስም የሌለው ሙሾ መንገድ ላይ ያገኘውን ይይዛል፤ መንገዱ ላይ ተጋድሞ የነበረው ደግሞ ልጇ ነበር። ስለዚህ ስም ሰጠችው። ሰፈሩ እሷን የሚጠራበትን ስም፣ በሱ የተጠራችበትን፣ የራሷን።

ከልማዱ ዓይኑ ወደ ሬሳው ደረት ሄደ። አልቆመለትም፤ ልማድ ነው። ሰሌኑ ከሆድ በላይ አንዴ ከፍ አለ። ይተነፍሳል አለ በልቡ፤ ያዝኩት። ወዲያው የደመቀች እጅ ከነነጠላዋ መጣችና እዚያው ላይ አረፈች። እያለቀሰች፣ ፊቷን ወደ ሰማይ እንዳቀናች፣ መዳፏ ከዚያች ቦታ አልተነሳም። ትንፋሹ ከነጠላው ሥር ሆኖ አይታይም። ልጇ ለሬሳነት እንኳ አልበቃም ተብሎ እንዳያፍር፣ ትንፋሹን ደብቃለት ነበር። ስንት ፊልም ሙሉ ሬሳ ሲያጋልጥ የኖረ ሰው ይህን አንዱን ሬሳ ማጋለጥ አቃተው።

መብራት ሲበራ ጭብጨባ ሆነ። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ሟቹ ወንድ ነው፤ አልቃሿ ግን በሴት ነው የምታለቅሰው። ስህተት አይደለም?»

«ጎበዝ!» አለ ቴዎፍሎስ። «ስህተት ነው። ኤዲቲንግ ላይ ነው ያየነው። ምን ታደርጊዋለሽ፣ ባላገር ናት፣ ካሜራ ስታይ ደነገጠች መሰለኝ። ድገሚ ብንላት ‘አይደገምም’ ብላ እምቢ አለች። የፊልሙ ጠባሳ ሆኖ ቀረ።»

ሰርካለም ማይኩን ይዛ ወደ በሩ መጣች። «እስቲ የኛ ሐያሲ ምን ይላል?»

«ሬሳው ይተነፍሳል!» አለ አንዱ ወጣት ከኋላ። አዳራሹ ሳቀ፤ ሌሎችም ተቀበሉት። «ጋሼ፣ ሬሳው ተነፈሰ?»

ወልደአረጋይ ተነሳ። ማይኩን ተቀበለ። «አይታይም» አለ። «ደረቱ ላይ እጅ አለ።»

ሳቁ ቀነሰ።

«ስህተቱንስ እንዴት አየኸው?» አለ ቴዎፍሎስ ከመድረክ፤ ለመወደስ ተመቻችቶ።

«ስህተት የለውም። የማላውቀውን ሰው አላለቅስም ብላህ ነበር። ያለቀሰችው የምታውቀውን ነው።»

ቴዎፍሎስ ዓይኑን አጠበበ። አሁን ገና ፊቱን የሚፈልግ ይመስላል፤ ሰሌኑን እየፈታ። «ማንን?» አለ።

ወልደአረጋይ ሊናገር ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ያጠራቀመው ስድብ፣ የፊቱ ነገር፣ የአንዲቱ ቃል ነገር፣ ሁሉም ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ለመናገር ሙሾውን መድገም ሊኖርበት ነው።

«ከለቅሶ ቤት ውጪ አይደገምም» አለና ማይኩን ለሰርካለም መልሶ ተቀመጠ። ጋቢውን እስከ ቅንድቡ ሳበው።

ሰው እየተንጫጫ ወጣ። ቴዎፍሎስ ወደሱ ሊመጣ ሲጀምር ፎቶ የሚነሱ ልጆች ከበቡት። አዳራሹ ሲሳሳ ወርቄ ልጆቿን በሩ ላይ አቁማ መጣችና ጎኑ ተቀመጠች። ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጡት ነው የተቀመጠችው፤ አላየችውም፣ አልተናገረችውም። ከቆየች በኋላ፣

«ምንህ ነበረች?» አለች።

«እናቴ።»

«መቼ ዐረፈች?»

«አሁን መርዶዬን ሰማሁ» አላት።

ወርቄን አላስደነቃትም። እሷ ባለችበት መጠለያ መርዶ በየጊዜው፣ ዘግይቶም፣ እየተሳሳተም ይመጣል። «እግዜር ያጥናህ» አለችው፣ እንደ ወጉ። ጋቢው ተንቀጠቀጠ። እስኪበቃው ጠበቀችው።

ልጆቹ በሩ ላይ «እማ! እማ በረደን!» ማለት ሲጀምሩ ተነሳች። ስልኳን ከጉያዋ አወጣች።

«ይኼን ፊልም ትጭንልኛለህ? ለልጆቹ።»

«ሰው ይሞትበታል፣ ወርቄ።»

«ልጁስ ተርፎ የለ?» አለችው።

ወልደአረጋይ እጁን ከጋቢው ሥር አስገብቶ ደረቱ ላይ አሳረፈ። ከፍ ዝቅ ይላል።